ሰባት አገዳ በደጄ

ጋምቤላ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1986 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለናዝሬት፣ ሮም፤

በሰው አገር የሚጠብቅሽ አምላክ ዓይኑን ከላይሽ እንዳያነሳ እየለመንኩ፣ ክረምቱን እንዴት ከረምሽ እላለሁ። እኛ ከሙቀቱ በቀር ደህና ነን ብዬ እንደ ልማዴ ልጽፍልሽ ነበር። ብዕሩን ካነሳሁ በኋላ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ደህና አይደለንም።

ወንድምሽ ታሟል። የታመመው ዛሬ አይደለም፤ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። መጀመሪያ ቀኝ እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ወባ ነው አልን፤ ጋምቤላ ውስጥ ሁሉም ነገር መጀመሪያ ወባ ነው። ቀጥሎ ጽሕፈቱ አነሰ። የወንድምሽን የከተማን ጽሕፈት ታውቂዋለሽ፤ መቱ መዝገብ ቤት ሲሠራ ሰው ፋይሉን የሚለየው በሱ ፊደል ነበር። አሁን መስመሩን ሲጀምር ባቄላ የሚያህለው ፊደል መጨረሻው ላይ ጤፍ ይሆናል። ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ ወሰድኩትና ሐኪሙ ፓርኪንሰን የሚባል የአንጎል በሽታ ነው አለን። ቶሎ አይገድልም፣ ግን አይድንም አለን። "ከበሽታው ጋር መኖርን ልመዱ" ብሎ ሸኘን። ለማዳ ውሻ የሰጠን ነበር የሚመስለው።

ከሁሉ የከፋው በር ነው። ሜዳውን እየሄደ መጥቶ በር ላይ ሲደርስ እግሩ መሬት ላይ ተሰፍቶ ይቀራል። እሱ መሄድ ይፈልጋል፤ እግሩ አይሰማውም። እጁን ይዤ እስበዋለሁ፣ ይብሳል። እለምነዋለሁ፣ ይብሳል። ያለቀስኩ ጊዜማ ጭራሽ ድንጋይ ይሆናል። ሐኪሙ እንዳይወድቅ ተጠንቀቂ ስላለኝ ቤቱን ባዶ አድርጌዋለሁ። ምንጣፉን ጠቀለልኩ፣ በርጩማዎቹን አወጣሁ፣ አናጢ ጠርቼ የበሩን ደፍ እንኳ አስነቀልኩ። ወለሉ ልሙጥ ሆኗል። እሱ ግን ከበፊቱ ይልቅ አሁን ይቆማል፤ ምን እንዳጎደልኩ አላውቅም።

ሥራውን አልተወም። ክልሉ ከተቋቋመ ወዲህ የጋምቤላ ፋይል ሁሉ ከመቱ በጭነት መኪና እየመጣ ነው። የትኛው የት እንዳለ የሚያውቅ እሱ ብቻ ስለሆነ አዲሶቹ ሹሞች ሊለቁት አይፈልጉም። ፋይል የምታመላልስለት ኛዱዋል የምትባል የኑዌር ሴት ሰጥተውታል፤ ባሏ በጦርነቱ የሞተባት ናት። መንገዷ ስለሆነ ከሥራ ሲወጣ ቤት ድረስ ታመጣዋለች። ኛዱዋል ጥሩ ሴት ትመስላለች። ረጅም ናት።

ሐኪሙ ያዘዘው ኪኒን እዚህ አይገኝም። ስሙን በሌላ ወረቀት ጽፌ አያይዣለሁ። ገንዘብ አትላኪ፤ መድኃኒቱን ብቻ ፈልጊልን። እስካሁን ያልነገርኩሽ እሱ "አታስጨንቂያት" ስላለኝ ነው። ይቅር በይኝ።

ሰላምሽ ይብዛ።
የወንድምሽ ሚስት፣ ኮከብ


ሮም፣ ኅዳር 23 ቀን 1986 ዓ.ም.

ለእትዬ ኮከብ፤

የጎሬዋ ማርያም ቤታችሁን ትጎብኝ፤ ለታመመው ምሕረት፣ ለምታስታምሚው ብርታት ትስጥልኝ።

ደብዳቤሽን በረንዳው ላይ ቆሜ አነበብኩት፤ ከዚያ ተቀምጬ እንደገና አነበብኩት። ሁለት ዓመት! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እናንተ ግን የደበቃችሁት ከሐኪም ሳይሆን ከኔ ነው። ሚስቱ መሆንሽን አልረሳሁም፣ እትዬ። አንቺ ግን እህቱ መሆኔን የረሳሽ መሰለኝ። እናታችን ስትሞት የሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ጡት ያላጠባኝ እናቴ እሱ ነው። ለአንቺ ባል ከመሆኑ ከሃያ ዓመት በፊት የኔ ነበር። ይህን የምጽፈው ልጣላሽ ብዬ አይደለም፤ ከተናገርኩት ይወጣልኛል ብዬ ነው።

አሁን የሚገርምሽን ስሚ። እዚህ የማስታምማት አሮጊት፣ ሲኞራዬ፣ በሽታዋ ይኸው ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ የወንድሜን በሽታ በሰው እናት ላይ ስማር ኖሬአለሁ፤ ሳላውቅ። እሷን ማንኪያ ሳጎርስ እሱን ማን ያጎርሰው ይሆን ብዬ አላሰብኩም።

መድኃኒቱን አግኝቻለሁ። አዲስ አበባ የምትገባ አንዲት ሲስተር ይዛልሽ ትመጣለች። ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት ይዋጥ፤ ከሥጋና ከወተት ጋር ከሆነ ኃይል የለውም። ሰዓቱ አይዛነፍ። ሸሚዝ ሲቆልፍ አትቀሚው፤ ቢዘገይም ራሱ ይቆልፍ። ድምፁ እያነሰ ይሄዳልና በየጠዋቱ ዳዊቱን ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ጎረቤት ቢሰማ ይስማ። ወንበሩ ከፍ ያለ ይሁን። አንድ ነገር ሲሠራ ሌላ ነገር አታውሪው። ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ አይሆንለትም።

ስለ አካሄዱ ደግሞ አንድ ሌላ ነገር አለ። በወረቀት የሚጻፍ አይደለም። ሰኔ ላይ ፈቃድ ስለምወስድ መጥቼ እኔው አሳያችኋለሁ።

ይቺ ኛዱዋልስ ማን ናት? ስሟን በአንድ አንቀጽ ሁለት ጊዜ ጠርተሽ፣ ረጅም ናት ብለሽ አቆምሽ። ስለ ቁመቷ የጠየቀሽ ሰው አልነበረም።

ወንድሜን በሁለት ጉንጩ ሳሚልኝ።
ናዝሬት


ጋምቤላ፣ ጥር 26 ቀን 1986 ዓ.ም.

ለእህቴ ለናዝሬት፤

የላክሽልን መድኃኒት እንደ ደረሰን እየነገርኩ፣ እጅሽ ይባረክ፣ የለመንሽው ሁሉ በጊዜው ይድረስልሽ እላለሁ። ሲስተሯ በሐሙሱ አውሮፕላን ልካልኝ እኔው ሄጄ ተቀበልኩ። ስለ ወተቱ የነገርሽኝን እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም አልነገረኝም ነበር፤ ስንት ኪኒን በከንቱ ሊሄድ ነበር። አሁን ጠዋት ሸሚዙን ራሱ ይቆልፋል። ሁለት ጊዜ አዛንፎ ቢቆልፈውም እንዳዘዝሽኝ አልነካሁትም፤ እንደ ተዛነፈ ቢሮ ሄደ። ዳዊቱንም ጮክ ብሎ ያነባል።

እግዜር ይስጥሽ ብዬ እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ግን ስለ ኛዱዋል ጠይቀሽኛልና የማልናገረውን ልናገር።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን ባለሱቋ ጦይባ ስኳር እየመዘነችልኝ፣ "አንቺ፣ ባልሽ ጎረመሰ እኮ! ትናንት ባሮ ዳር ሲንጎራደድ አየሁት" አለችኝ። ሳቅኩላት። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስወጣ እግሬ ወደ ቤት አልሄደም፣ ወደ ወንዙ ሄደ። በድሮ ጊዜ የሱዳን መርከብ ይቆምበት የነበረውን ቦታ አሳይቼሻለሁ በፎቶግራፍ። እዚያ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች መካከል ቆሜ አየሁት።

ይሄዳል። ማንም አልያዘውም። እሷ ከፊቱ ወደ ኋላ እየተራመደች በቋንቋዋ ትቆጥራለች፤ "ኬል፣ ሬው፣ ዲዮክ" ትላለች፣ እሱም አብሯት ይቆጥራል። እኔ ጋር ሦስት ቃል የማይናገር ሰው በኑዌርኛ ይቆጥራል። ከዚያ ደግሞ ሳቀ። ናዝሬት፣ የዚህ ሰው ፊት እኮ ከኔ ጋር ሁለት ዓመት ሙሉ አልሳቀም። ሐኪሙ በሽታው ነው፣ ፊቱ አይታዘዝለትም ብሎኝ ነበር፤ እኔም አምኜ ተጽናንቼበት ነበር። ለኔ ያልታዘዘ ፊት ለሷ ታዘዘ።

ቀናሁ። አርባ አምስት ዓመቴ ነው፣ አስተማሪ ነኝ፣ ቅናት ክፉ ነው ብዬ የሰው ልጅ የምገሥጽ ሴት ነኝ። እዚያ ልብስ አጣቢዎቹ መካከል ቆሜ ቀናሁ። አንሶላ ውስጥ ቢሆኑ ኖሮ ይህን ያህል አይቆጨኝም ነበር። እኔ ስይዘው ይቆማል፣ እሷ ሳትይዘው ይሄዳል።

ቅዳሜ ደግሞ ሌላ መጣ። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ከቤቴ በር እስከ አጥሩ ድረስ የበቆሎ አገዳ ተጋድሟል። ቆጠርኩት፤ ሰባት ነው። በእኩል በእኩል ርቀት። ከተማ አንድ በአንድ እየተሻገራቸው ይመጣል፣ እሷ አጥሩ ጋ ቆማ ትጠብቀዋለች።

የጎሬ ልጅ ነሽና ላብራራልሽ አያስፈልገኝም። በሰው ደጅ የተጣለ ነገር፣ ቁጥሩም ሰባት፣ ሰውየውም እንዲሻገረው! እናቴ ብታይ ኖሮ እሪ ትል ነበር። እኔ ተምሬአለሁ፣ በመተት አላምንም። ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ አገዳዎቹን ሳልሻገር በጎን ዞሬ ነው ቤቴ የገባሁት።

"ኛዱዋል፣ ይሄ ምንድን ነው?" አልኳት።

"እትዬ፣ ይሄ መንገድ ነው" አለች። "ጋሼ እግር ረሳ። መሬት ባዶ ነው፣ የት ይርገጥ? እንጨት ካየ ያስታውሳል።"

"ማን አስተማረሽ?"

"የኔ አጎት፣ ጩዎል። ኢታንግ ነው ያለው። እሱም እንዲህ ይንቀጠቀጣል። ቤት ውስጥ ቆሞ ይቀራል። ከብት የሚታሰርበት ሲሄድ ገመድ አለ። ገመድ ሲሻገር ይሄዳል፣ ልክ እንደ ወጣት። ሐኪም አላየንም፣ እኛ ነን ያየነው።"

ዓይኗ አልሸሸም፤ እሱ ነው ይበልጥ ያናደደኝ። አንቺ እዚያ ከሐኪሞች ጋር ነሽ። አገዳ በማጋደም ሰው ይሄዳል? እንዲህ ያለ ነገር አለ? አለ ካልሽኝ አምናለሁ፣ አፌንም እዘጋለሁ። የለም ካልሽኝ የማደርገውን አውቃለሁ። ቶሎ መልሺልኝ፤ ፖስታውን በየቀኑ እየጠየቅኩ ነው።

ኮከብ


ሮም፣ የካቲት 21 ቀን 1986 ዓ.ም.

ለእትዬ ኮከብ፤

ጾሙን በሰላም ያስጀምርሽ፣ በሰላም ያስፈታሽ።

ሲኞራዬ ጉንፋን ይዟት ሌላ ነገር ለማሰብ ጊዜ ስላላገኘሁ ይህ አጭር ነው። ለጠየቅሽኝ፦ ሐኪሞች በአገዳ ሲያክሙ አላየሁም። ወንድሜ የተማረና የተከበረ ሰው ነው፤ በከብት ማሰሪያ የሚታከም አይደለም። ስለ ሌላው እኔ እዚህ ሆኜ ምንም ልል አልችልም፣ በዓይንሽ ያየሽው አንቺ ነሽ። ግን የማናውቃት ሴት ከወንድሜ ጋር እንዲህ መቀራረቧ እኔንም ደስ አላለኝም። ብታርቂያት ጥሩ ነው።

ሰኔ ሩቅ አይደለም። እስከዚያ መድኃኒቱን ብቻ በሰዓቱ ስጪው።

ናዝሬት


ጋምቤላ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 1986 ዓ.ም.

ለናዝሬት፤

ለሰላምታ የሚሆን ቃል ከየት እንደማመጣ አጥቼ ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። አንቺን ግን እግዚአብሔር በጤና ያኑርሽ።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ቀን አገዳዎቹን ሰብስቤ ጓሮ አቃጠልኳቸው። ደረቅ ስለነበሩ ውኃ እስኪፈላ እንኳ አልቆዩም። ኛዱዋል ከሰዓት በኋላ ከተማን ይዛ ስትመጣ አጥሩ ላይ ጠበቅኋት። ያልኳትን ሁሉ አልጽፈውም። ባሏን የበላች አልኳት። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ ሰማ፣ ጦይባም ከሱቋ ብቅ ብላ ሰማች። ኛዱዋል ስትሄድ ብቻ፣ "እሺ እትዬ። በር ላይ ግን አትሳቢው" አለችኝ። በማግስቱ መሥሪያ ቤት ሄጄ ሌላ ሰው ይሰጡት ብዬ ለመንኩ። እሷ ግን ሳይነግሯት በፊት ሥራዋን ትታ ኢታንግ ገብታለች አሉኝ።

ሦስት ቀን ደስ አለኝ። አልዋሽሽም፤ ቤቴ የኔ የሆነ መሰለኝ። ጎሬ አጠገብ አንድ ትምህርት ቤት ለመዛወርም ማመልከቻ ጻፍኩ፣ ለሱ ሳልነግረው። አራተኛው ቀን ላይ ከተማ ከአልጋው ተነስቶ የመኝታ ቤቱ በር ላይ ደረሰና ቆመ። ቢሮ የሚገባበት ሰዓት ነበር። ወደ ወለሉ አጎንብሶ የሆነ ነገር ይፈልጋል። ከዚያ ወደ ደጅ አየ፣ ከዚያ ወደኔ።

"አገዳዎቹስ?" አለኝ።

"አቃጠልኳቸው" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ደግሞ ለሷ የሄደ ለኔ የማይሄደው ለምንድን ነው ብዬ ብስጭቴ ከአፌ ሳይሆን ከእጄ ወጣ። እጁን ይዤ ሳብኩት። እግሩ ከመሬት ሳይነሳ ላይኛው ገላው መጣ። ናዝሬት፣ ወደቀ ተብሎ ሲነገርሽ እንዳታምኚ፤ እኔ ነኝ የጣልኩት። ግራ እጁ አንጓው ላይ ተሰብሯል፣ ከንፈሩም ተሰንጥቋል። ሆስፒታሉ በጀሶ አሽጎለታል። ቀኝ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ግራው ታስሯል፤ አሁን እንደ ሕፃን ነው የማጎርሰው።

ከዚያ ቀን ወዲህ አይራመድም። አልተቆጣኝም፣ አላማረረኝም። ዳዊቱን ግን ማንበብ ተወ። መሥሪያ ቤቱ እስከ መስከረም ካልተመለሰ በሕመም ጡረታ ይወጣል ብሎናል፤ ወረቀቱን ሳሳየው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ከሥራው ከወጣ የሚተርፈው ነገር እንደሌለ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

አሁንም ቢሆን መተት አልነበረም ብዬ መማል አልችልም። ግን መተትም ቢሆን ያስኬደው ነበር። ሰኔ ላይ ታሳዪናለሽ ያልሽው ነገር ምን እንደሆነ አሁኑኑ ጻፊልኝ። ሰኔን መጠበቅ አልችልም።

ኮከብ


ሮም፣ ግንቦት 19 ቀን 1986 ዓ.ም.

ለእትዬ ኮከብ፤

ሰላም በቤትሽ ይሁን ብዬ ስመርቅሽ በራሴ አፈርኩ፤ ያለውን ሰላም ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ሳልሸፋፍን ልንገርሽ። ሰኔ ላይ አሳያችኋለሁ ያልኩት ነገር ይኼ ነው፦ ሲኞራዬ እንደ ወንድሜ በር ላይ ትቆም ነበር። ባለፈው ዓመት አካሏን የሚያሠራት ባለሙያ መጥቶ ወለሉ ላይ ነጭ ፕላስተር በእርምጃ በእርምጃ ርቀት አግድም ለጠፈላት። መስመሩን እያየች ተሻግራ ሄደች። የቆጠረላት እኔ ነኝ፣ በጣሊያንኛ። የዚህ በሽታ ጠባይ ነው አለኝ፤ መንገድ ባዶ ሲሆን እግር ይጠፋዋል፣ የሚሻገረው ነገር ሲያይ ያገኘዋል። ሲስቡት ይተከላል፣ ሲጨነቅ ይተከላል፣ ሲያፍር ይተከላል።

አገዳ አላየሁም ብዬ ስጽፍልሽ ቃሌ ውሸት አልነበረም። ልቤ ግን ውሸታም ነበር። ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ ወዲያው ነው ያወቅሁት።

ለምን ደበቅኩ? እኔን ዳዴ ያስባለኝ እሱ ነው። ጎሬ ቤታችን ውስጥ እጄን ለቆ ወደ ኋላ እየሄደ "ወፌ ቆመች" ያለኝ እሱ እንደሆነ ሰዎች ሲያወሩ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ሰኔ ላይ መጥቼ፣ አንቺ እያየሽ፣ እኔ መስመር ሥዬለት፣ እኔ ወፌ ቆመች ልለው ፈለግሁ። በሁለት ዓመት አስታማሚነትሽ ቀንቼ ነበር። ከኔ በፊት አውቀሽ ዝም በማለትሽም ቀንቼ ነበር። ከዚያ አንዲት የማላውቃት ሴት የኔን ነገር በአገዳ ቀድማኝ ሠራችው። አርቂያት ያልኩሽ ባልሽን ትወስድብሻለች ብዬ አይደለም። ያንን ቀን ወሰደችብኝ ብዬ ነው።

የወንድሜ እጅ የተሰበረው በአንቺ እጅ ብቻ አይደለም። ይህን ፈልጌ ሳይሆን ተገድጄ ነው የምጽፍልሽ፤ አንቺ ራስሽን እኔ ነኝ የጣልኩት ብለሽ ስትጽፊ ዝም ብል እግዚአብሔር አይምረኝም።

አንድ ጥቅል ፕላስተር ልኬአለሁ። የመንገድ ትኬቴ በእጄ ነው። ነይ ካልሽኝ እመጣለሁ፣ አትምጪ ካልሽኝ እቀራለሁ። ሳትፈቅጂልኝ ግን ደጅሽን አልረግጥም።

ናዝሬት


ጋምቤላ፣ መስከረም 9 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለናዝሬት፤

አዲሱ ዓመት ከባለፈው የተሻለ ልብ ይዞልን ይምጣ፤ ለአንቺም፣ ለእኔም።

ሰኔን አሳልፌ ዛሬ የምጽፍልሽ ፖስታው ዘግይቶ አይደለም። ደብዳቤሽ በሰኔ መጀመሪያ ደርሶኛል። አንብቤ አጣጥፌ የትምህርት ቤት መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩበት። በትኬትሽ ቀን አልመለስኩልሽም፤ እንድትጠብቂ ፈለግሁ። እኔ የካቲትን በሙሉ ፖስታ ቤት ደጅ ስጠብቅ እንደነበርኩት ጠብቂ አልኩ። ከረምሽበት። አሁን ወጥቶልኛል ማለት አልችልም፣ ቀንሷል።

የላክሽውን ፕላስተር ለጠፍኩት። የጋምቤላን ሙቀት የማያውቅ ፕላስተር ነው፣ በሁለተኛው ቀን ተጠቅልሎ ከጫማዬ ሥር ተጣበቀ። አገዳም ቆርጬ አጋደምኩ። ከተማ አይቶት ፊቱን አዞረ። አገዳው ደህና ነበር፤ እኔ ነኝ ያስጠላሁት። አጠገቡ ስቆም ልስበው መስሎት ትከሻው ይኮማተራል።

ሐምሌ ላይ ትምህርት ሲዘጋ መንገዱ በጭቃ ስለተቆረጠ በኦጁሉ ጀልባ ባሮን ወርጄ ኢታንግ ሄድኩ። ኦጁሉ ዓሣ የሚያጠምድ ደንበኛችን ነው፣ "እትዬ፣ ምን ልትገዢ ነው በዚህ ዝናብ?" አለኝ። ኛዱዋልን አጎቷ ግቢ ውስጥ አገኘኋት። ስታየኝ አልተነሳችም። ሽማግሌው ጩዎል ከብት ማሰሪያው መካከል ቆሟል፣ እጁ ልክ እንደ ከተማ እጅ ይንቀጠቀጣል። እኔ እያየሁት አንዱን ገመድ ተሻገረ፣ ሌላውን ተሻገረ፣ ላሟ ጋ ደርሶ ጀርባዋን መታ መታ አደረጋት። አንቺ በፕላስተር ያየሽውን እኔ በገመድ አየሁት።

"ኛዱዋል፣ አጥፍቻለሁ። ሰው ፊት ሰደብኩሽ፣ ሰው ፊት ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። ነይልን" አልኳት።

"አልመጣም፣ እትዬ" አለች። "አንቺ ስትሳደቢ አገር ሁሉ ሰማ። ይቅርታ ሲሆን ማን ሰማ? አጎቴና ላም።"

እውነቷን ነው። ያን ጊዜ መሬት ላይ ተቀመጥኩ፤ ጭቃ ነበር፣ ተቀመጥኩበት። የከተማ እጅ እንደተሰበረ ነገርኳት። ስለ አንቺም ነገርኳት። ተነስታ ቁርጭምጭሚቴን ይዛ እግሬን ጎተተችው። ወስዳ ጩዎል እግር ፊት አግድም አስቀመጠችው። ሽማግሌው አየው፣ በላዩ ተሻገረ።

"አገዳ ይሰበራል፣ ይነዳል" አለችኝ። "እግር ግን ይዘሽው ትሄጃለሽ። አትሳቢ፣ አታልቅሺ፣ አስቀምጪ ብቻ።"

ቤት እንደገባሁ ጭቃዬን እንኳ ሳልታጠብ ከተማን ግድግዳ ተደግፎ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ከየት እንደመጣሁ ነገርኩት። ከዚያ ጫማዬን አውልቄ እግሬን በፊቱ አግድም አስቀመጥኩ። ዝቅ ብሎ አየውና በዚያች በደከመች ድምፁ፣ "የሰው እግር አልሻገርም፣ ነውር ነው" አለኝ።

"የሰው አይደለም፣ የሚስትህ ነው" አልኩት።

ፊቱ አልሳቀም። ከጉሮሮው ግን አንድ ድምፅ ወጣ፤ ሃያ ሦስት ዓመት አብሬው ስኖር የማውቀው ሳቁ ነው። ተሻገረ። ሌላኛውን እግሬን አስቀመጥኩ፣ እሱንም ተሻገረ። እንዲህ እያልን ደጅ ወጣን። ጦይባ ከሱቋ ሆና፣ "አንቺ፣ ልትጥዪው ነው እንዴ ደግሞ?" ብላ ጮኸች። ተያት፣ ትጩህ።

አሁን በየጠዋቱ እንዲሁ ነው ቢሮ የምንሄደው። የሚቆምባቸው በሮች አራት ናቸው፤ በየበሩ እግሬን አስቀምጣለሁ፣ በቀረው መንገድ ራሱ ይሄዳል። የመዝገብ ቤቱ ወጣቶች መጀመሪያ ሳቁ፣ አሁን አንዱ እኔ ሳልኖር የራሱን እግር ያስቀምጥለታል አሉኝ። በሱም ትንሽ ቀናሁ። መስከረም ሁለት ቀን ሥራው ላይ ተገኝቷል፣ ጡረታውም ቀርቷል። በሽታው አልቀረም፤ የመድኃኒቱን ልክ ሐኪሙ ጨምሮለታል፣ ወደፊትም ይጨምራል። የዝውውር ማመልከቻዬን ቀድጄዋለሁ።

ኛዱዋል አልተመለሰችም። እኔ ግን እሁድ ኑዌሮቹ የሚሄዱበት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሜ፣ ሰው ሲወጣ ጠብቄ፣ የተናገርኩት ሁሉ ሐሰት ነው ብዬ ጮክ ብዬ ተናግሬአለሁ። ወሬው ኢታንግ እንደሚደርስ አውቃለሁ። ከተማ "ሰላም በሏት" ብሎ መልእክት በላከ ቁጥር ግን አሁንም እቀናለሁ። ደግ ሆንኩ ብለሽ እንዳታስቢ።

የሠራሽውን ለከተማ አልነገርኩትም። እሱን የምትነግሪው አንቺ ነሽ፣ በአፍሽ፣ ፊት ለፊቱ። ስለዚህ ነይ። መስመር ሥዪለት፣ በፈለግሽው ቋንቋ ቁጠሪለት፣ ወፌ ቆመችም በዪው፤ ይገባሻል፣ አልከለክልሽም። በሩ ላይ ሲቆም ግን እግርሽን እንዳታስቀምጪ። እዚያ ላይ እኔ አለሁ።

ኮከብ